በወረቀቱ ላይ ያልነበረው ዓረፍተ ነገር

ጥር 4 ቀን 2018፣ ሰኞ። ሮተርዳም ዙይድ

ይህን ደብተር የገዛሁት ቅዳሜ ቅዳሜ ዳዊት የማስተምራቸውን ልጆች ስም ልመዘግብበት ነበር። ዛሬ ግን ተናድጃለሁ። የተናደደ ሰው ወይ ይናገራል ወይ ይጽፋል፤ ብናገር ወለተሥላሴ ትሰማኛለች፣ ሰምታ ደግሞ ዝም የምትል ሚስት አይደለችም።

ልጄ ሩሐማ በላቲን አምስት ነጥብ ሁለት አመጣች። ከአሥር። ጂምናዚየም ከገባች ስድስተኛ ዓመቷ ነው። እዚህ አገር ጂምናዚየም ማለት ላቲንና ግሪክ የሚያስተምሩበት፣ የዳኛና የሐኪም ልጅ የሚሞላበት ትምህርት ቤት ነው። ከክፍሏ ልጆች ከእኛ ሰፈር ከዙይድ በሜትሮ ወንዙን ተሻግራ የምትሄደው እሷ ብቻ ናት። በሒሳብ አምስት ስላላት ሁለተኛ አምስት አይፈቅዱላትም። የካቲት መጨረሻ ላይ ያለውን የላቲን ፈተና ከወደቀች ዲፕሎማው የለም፤ ዲፕሎማው ከሌለ በመስከረም የተያዘላት የሕግ ትምህርት ቦታም የለም። ነገሩ ይኸው ነው።

ያናደደኝ ግን ውጤቱ ብቻ አይደለም። ሐሙስ የወላጆች ስብሰባ ነበር። አዳራሹ ዙሪያውን አፍንጫቸው የተሰበረ የሮማ ሰዎች ራስ በኖራ ተሠርቶ ተደርድሯል። ሻይ ይዤ ቆሜ ሳለ አንድ ሽማግሌ ለጓደኛው፣ “እነዚህ ልጆች በሳይንሱ ይበረታሉ፤ ለላቲን ግን እቤት የመጻሕፍት መደርደሪያ ያስፈልጋል” ሲል ሰማሁ። ደች አይሰማም ብሎ ይሆናል። እኔ ሙሉ ዳዊት በዘጠኝ ዓመቴ በቃሌ የተወጣሁ ሰው ነኝ። መደርደሪያ ይለኛል።

ጥር 7፣ ሐሙስ

ዴን ሃግ ከተማ የማጸዳው ቢሮ የጠበቆች ነው። በሩ ላይ አራት ዓምድ አለ፤ ከላይ ዓይኗን የታሰረች ሚዛን የያዘች ሴት፣ ከሥሯ የላቲን ጽሑፍ። ስድስት ዓመት ሳብሰው አንድ ቀን ትርጉሙን ጠይቄ አላውቅም።

ዛሬ ቆሜ አሰብኩበት። ሮማ ዓምድ ስታቆም ይህ አገር ረግረግ ነበር። ከሮማ ሰው ጋር በሥጋ የሚገናኙ አይመስለኝም። ግን አጠኑትና አባታችን አሉት። ሕጉን ከእሱ፣ የመድኃኒቱን ስም ከእሱ፣ የበሩን ቅርጽ ከእሱ ወሰዱ። እኛስ ግእዝን ማን ከእናቱ ጡት ጋር ጠባው? በጥናት ነው አባት ያደረግነው። ያጠና ይወርሳል ማለት ነው። እንዲያ ከሆነ ለልጄ ማን ይከለክላታል?

ከሥራ ወጥቼ አሮጌ መጻሕፍት የሚሸጥበት ሱቅ ገባሁ። የፈተናዋ መጽሐፍ ተገኘ፣ ተከባ ስለተራበች ከተማ የሚተርከው። በግራ ገጽ ላቲኑ፣ በቀኝ ገጽ ደቹ፤ ተርጓሚው የድሮ ፕሮፌሰር ነው። እየሳቅሁ ገባሁ ቤት።

ጥር 11፣ ጥምቀት

ሥራ ነበረኝ። ጸበል አልደረስኩም።

ጥር 14፣ ሐሙስ

ጀመርን። ከእራት በኋላ ቆማ ትላለች፣ እኔ መጽሐፉን ይዤ እሰማለሁ። በቀን አሥር መስመር፤ ላቲኑን ከነደቹ። ስትሳሳት በእስክሪብቶ ጠረጴዛውን እመታለሁ። ጠረጴዛውን ነው።

“አባ፣ እንዲህ አይደለም የሚሠራው። ራሳችን መተርጎም አለብን፤ መምህሯ የታተመ ትርጉም አታንብቡ ብላለች” አለችኝ።

ራሷ የሠራችውን አየሁት እኮ። አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ አርባ ደቂቃ ትቀመጣለች። ቃሉን ታከብባለች፣ ቀስት ትስላለች፣ ትሰርዛለች፣ ደግሞ ብቻዋን ትስቃለች። በዚህ አካሄድ መጽሐፉ ሰኔ ድረስ አያልቅላትም። “ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም” አልኳት። ፕሮፌሰር ከሠራው በኋላ እሷ ምን ልትጨምርበት ነው? ቀስት የሞላባቸውን ወረቀቶች ሰብስቤ ከአሮጌ ጋዜጣ ጋር አወጣኋቸው።

ጥር 22፣ ዓርብ

ሰባ መስመር ደረስን። ጭንቅላት አላት፤ የማንን ልትወርስ ነው።

ጋሽ መድሃኔ መጥተው ነበር። ከላይ የሚኖሩት ኤርትራዊ ጡረተኛ ናቸው፤ ድሮ አዲስ አበባ ስለሠሩ አማርኛቸው ከእኔ የተሻለ ነው። ደረጃው ላይ ቆመው ሲሰሟት ቆይተው ገቡና፣ “እኛንም አስመራ ጣሊያኖቹ ላቲን አስተምረውናል። የሮማ ልጆች ናችሁ ይሉን ነበር። ልጆቿ ግን ከኋላ ወንበር ነበር የምንቀመጠው” አሉ። ሳቅን።

ከዚያ ቀስ ብለው፣ “ትርጉሙን ታውቀዋለች?” አሉኝ።

“ትርጉሙን ነው እኮ የምትለው፣ ጋሼ።”

“እሱን አይደለም የጠየቅኩህ” አሉ።

እርጅና ነገር ያከብዳል።

የካቲት 1፣ እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ የሰበካው ሊቀመንበር ዓለማየሁ በሰው ፊት፣ “የኔታ፣ ከዚህ ቤተ ክርስቲያን ጂምናዚየም የምትጨርስ የመጀመሪያዋ የእርስዎ ልጅ ናት። ለፋሲካ ለወጣቶቹ ትናገራለች” አለ። እሺ አልኩ። ሩሐማን አልጠየቅኳትም፤ ምን ትላለች ብዬ።

የኔታ ሲሉኝ ደስ ይለኛል። ማዕረጉ የለኝም። የሚያውቅ የለም።

የካቲት 9፣ ሰኞ። ጾም ገባ

“ልጅቷ አትበላም” አለችኝ ወለተሥላሴ። ጾም ነው አልኳት። “ጾም የገባው ዛሬ ነው፣ እሷ ካቆመች ሦስት ሳምንቷ ነው” አለች። የሰው ቤት ሽማግሌ ስታጥብና ስታበላ ስለምትውል ሁሉ በሽተኛ ይመስላታል።

የመታጠቢያው ውሃ አልወርድ ብሎ ቱቦውን ከፈትኩ። ጸጉር ነው። እፍኝ ሙሉ። ማበጠሪያሽን ለውጪ አልኳት።

የካቲት 17፣ ማክሰኞ

ዛሬ ሁሉንም አለችው። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት መስመር፣ ላቲኑን ከነደቹ፣ አንድ ፊደል ሳትስት። ግንቡ ሲፈርስ የሚለው ጋ ስትደርስ እንባዬ መጣ። እውነቴን ነው፣ ከእኛ አገር ማኅሌት የሚያንስ አልነበረም። ያ ባለ መደርደሪያ ሰውዬ እዚህ በነበረ አልኩ።

ስትጨርስ፣ “አሁን ልተኛ?” አለችኝ። ተኚ አልኳት። በደች ነበር የጠየቀችኝ። ከተወሰነ ጊዜ ወዲህ አማርኛ አትናገረኝም።

የካቲት 24፣ ማክሰኞ

ፈተናው ዛሬ ነበር። “እንዴት ነበር?”

“ሁሉንም ጻፍኩት።”

ተመስገን።

መጋቢት 4፣ ዓርብ

ከትምህርት ቤቱ ደብዳቤ መጣ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

ማጭበርበር ይላል። የጻፈችው ትርጉም ከስልሳ ዓመት በፊት ከታተመ መጽሐፍ ጋር ቃል በቃል አንድ ነው፤ ዛሬ ማንም የማይናገረው የአያቶች ደች ሁሉ አለበት። ይኼ ይሁን። መምህሯ ግን ለፈተናው ስትል ከምንባቡ መካከል አንድ ዓረፍተ ነገር ቆርጣ አውጥታ ነበር። ሩሐማ እሱንም ተርጉማዋለች። በወረቀቱ ላይ ያልነበረውን ዓረፍተ ነገር።

በፈተናው መካከል ዘጠኝ ደቂቃ ሽንት ቤት ስለነበረች ስልክ አይታ ነው ብለው ጠርጥረዋል። የፈተና ኮሚቴው ፊት መጋቢት 17 ትቀርባለች። ጥፋተኛ ከተባለች ውጤቷ አንድ ይሆናል፤ ከፈተናው ሁሉ ሊያስወጧትም ይችላሉ።

መጋቢት 5፣ ቅዳሜ

ምን አልሻቸው አልኳት። “ምንም።” ለምን ዝም ትያለሽ? አየችኝ። ከዚያ ወደ ክፍሏ ገባች።

ሽንት ቤት ዘጠኝ ደቂቃ ምን ስትሠራ እንደነበር የጠየቀቻት ወለተሥላሴ ናት። ሲያስመልሳት ነበር። በባዶ ሆዷ።

የዳዊት ልጆች ዛሬ መጥተው ነበር። አሞኛል ብዬ መለስኳቸው።

መጋቢት 8፣ ማክሰኞ

መጽሐፉን ዴን ሃግ ወሰድኩት። የመጥረጊያና የባልዲ ቁም ሣጥኔ ውስጥ፣ ከጓንቶቹ ኋላ አስቀመጥኩት። ቤት ቢገኝ በእሷ ላይ ማስረጃ ይሆናል ብዬ ነው። ለእሷ ብዬ ነው።

ከሰዓት። ለእሷ ብዬ አይደለም።

መጋቢት 12፣ ቅዳሜ

ጋሽ መድሃኔ ዘንድ ወጣሁ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ መጽሐፉን የደበቅሁትንም። ቤተ ክህነት ቃል የያዘ ልጅ ይሸለማል፣ ይሳማል፤ እዚህ ሌባ ይባላል፤ የእነዚህ ሰዎች ነገር አልገባኝም አልኳቸው።

“ቅኔ ቤት ነበርኩ ትላለህ” አሉኝ።

“ነበርኩ።”

“እዚያ የሰው ቅኔ በቃሉ ይዞ መጥቶ የኔ ነው ብሎ የሚዘርፍ ተማሪ ምን ይሉታል?”

 ሻይ ቀዱልኝ።

ለማንም ያልነገርኩትን እዚህ ልጻፈው። ቅኔ ቤት ሁለት ዓመት ተቀመጥኩ። የሌሎችን ቅኔ ሁለት መቶ ያህል በቃሌ አውቅ ነበር። የራሴን አምጣ ስባል ግን አይመጣልኝም። ወንዝ ዳር ሄጄ ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ ባዶዬን እመለሳለሁ። የኔታ አንድ ቀን፣ “ልጄ፣ የሰው ሁሉ አለህ፣ ያንተ የታለ?” አሉኝ፤ ተማሪው ሁሉ ሰማ። በሳምንቱ ጥዬ ወጣሁ። ሰው ሲጠይቀኝ ስደት አቋረጠኝ እላለሁ። ወለተሥላሴም የምታውቀው እሱን ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ዳዊት ብቻ የማስተምረው ለዚህ ነው።

መጋቢት 17፣ ሐሙስ

ጠዋት በባቡር ዴን ሃግ ሄጄ መጽሐፉን አመጣሁ። 

ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ርእሰ መምህሩ፣ የሚጽፍ ሰውዬ፣ እና የላቲን መምህርቷ ቴርፕስትራ። ሩሐማን መካከል አስቀመጧት። እኔና እናቷ ከጎን።

“ስልክ ይዘሽ ነበር?” አላት ርእሰ መምህሩ።

“አልያዝኩም።”

“ታዲያ በወረቀቱ ላይ የሌለውን ከየት አመጣሽው?”

እኔን ላለመንካት ዝም እንዳለች አሁን ገባኝ፤ ወይም ያኔም ገብቶኝ ነበር። ወለተሥላሴ በጫማዋ እግሬን ረገጠችኝ። መጽሐፉን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ። “እኔ ነኝ” አልኩ። “እሷ አይሆንም ብላኛለች። እኔ በቃሏ አስያዝኳት። ሦስት መቶ አሥራ ሁለቱንም መስመር።”

ሰውዬው መጻፉን አቆመ። ርእሰ መምህሩ፣ “ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ይህን ሁሉ በቃል መያዝ የሚቻል አይመስለኝም” አለ።

እዚህ ላይ የሆንኩትን ካልጻፍኩ ይህ ደብተር ውሸት ነው። ደስ አለኝ። ልጄ በሌብነት ተከሳ ተቀምጣ እኔ ደረቴ ተነፋ። “ጠይቋት” አልኩ።

“አባ፣ አታድርግ” አለች በአማርኛ። ከወር በኋላ የሰማሁት የመጀመሪያ አማርኛዋ ነው።

“በይ ልጄ” አልኳት።

ተነሥታ ቆመች። ቁሚ ያላት አልነበረም። ግድግዳውን እያየች ከመጀመሪያው መስመር ጀመረች፤ ላቲኑን፣ ደቹን፣ ላቲኑን፣ ደቹን። ርእሰ መምህሩ በቃ ለማለት እጁን አነሣ፤ አላየችውም። ቀጠለች። አንድ ቃል ላይ ስትዘገይ ጠረጴዛው ተመታ። የመታሁት እኔ ነኝ፣ በጣቴ። ቴርፕስትራ ጣቴን አየችው፣ ከዚያ ሩሐማን አየቻት፤ ሩሐማ ትከሻዋ ተሰብስቦ ነበር።

“በቃ ሩሐማ፣ ተቀመጪ” አለቻት። ብጣሽ ወረቀት ላይ አምስት የላቲን ቃላት ጽፋ አቀረበችላት። “እነዚህን ሁሉ ታውቂያቸዋለሽ። አዲስ ዓረፍተ ነገር ነው። ቀስ ብለሽ ሞክሪ።”

ሩሐማ ወረቀቱን ብዙ አየችው። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። የወጣው ግን የፕሮፌሰሩ ትርጉም ነበር፤ የመጀመሪያው ቃል መጽሐፉ ውስጥ ካለበት ቦታ ጀምሮ ወረደ። ሦስተኛው መስመር ላይ ራሷን የሰማች መሰለኝ፣ በእጇ አፏን ያዘች።

 ቴርፕስትራ ወደ እኔ ዞረች። “ጂምናዚየም አራተኛ ዓመቷ ላይ ይህን የመሰለ ስሰጣት በሁለት ደቂቃ እየሳቀች ነበር የምትሠራው። መዘግየት የጀመረችው ምንባቡ ሲከብድ ነው፤ ሁሉም ይዘገያሉ፣ ደንብ ነው። ዓምና ለእርስዎ ልነግርዎ ፈልጌ ነበር፤ አልመጡም” አለችኝ። ቁጣ የለበትም። ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር።

መጋቢት 20፣ እሑድ

ክሱ ተነሣ። ማጭበርበር አይደለም ብለዋል። የተያዘውን ትርጉም ግን እንደ ሥራዋ አይቆጥሩትም፤ አይታው በማታውቀው ምንባብ ማክሰኞ መጋቢት 29 እንደገና ትፈተናለች። ዘጠኝ ቀን።

ልርዳሽ ልላት አፌን ስከፍት እናቷ አየችኝ። ዘጋሁት።

ሩሐማ አምስተርዳም አክስቷ ሐምራዊት ዘንድ ሄደች። እዚያ ላጥና ብላ።

መጋቢት 24፣ ሐሙስ

አምስተርዳም ሄድኩ። ወለተሥላሴ የሠራችላትን የጾም ምግብ ይዤ። ሐምራዊት በሩን ከፈተችልኝ፤ ሆቴል ሥራ ልትገባ ለብሳ ነበር። “ተኝታለች ወንድሜ፣ አትቀስቅሳት” አለችኝ። ከውስጥ የወረቀት ድምፅ ይሰማል። ተኝታለች አልኩ እኔም።

ስመለስ አደባባዩ ላይ ቆምኩ። የድሮው ማዘጋጃ ቤት ጣሪያ ላይ ሰማይን በትከሻው የተሸከመ የግሪክ ሰው አለ። አንድ አስጎብኚ ለቱሪስቶቹ የሚያስረዳውን ሰማሁ፤ ነጋዴዎቹ ከተማችን ዓለምን የተሸከመች ናት ለማለት ነው ያቆሙት አለ። ሸክሙን ልጆቻቸው ላይ ጭነው ይሆን አላውቅም። እኔ ግን ጭኛለሁ። ደግሞም የሮማ ጥፋት አይደለም፣ የቤተ ክህነቱም አይደለም። ዳዊት የተማርኩበት መንገድ ለዳዊት ትክክል ነው፤ ጸሎት ነውና ቃሉ መለወጥ የለበትም። ይኼን ለይቼ የማውቅ ሰው ነኝ። አውቄ ነው።

መጋቢት 29፣ ማክሰኞ። ሰሞነ ሕማማት

ፈተናው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ነው። እኔ ዴን ሃግ ነኝ። አራተኛውን ፎቅ ሁለት ጊዜ አጸዳሁት።

ማታ እናቷ ደወለችላት። “ጨረስኩ” ብላ ዘጋች።

ሚያዝያ 1፣ ጸሎተ ሐሙስ

ቤተ ክርስቲያን መሆን ነበረብኝ። አልሄድኩም።

ውጤቱ መጣ፤ አንድ ነጥብ ስድስት። ምንባቡ አሥራ አራት ዓረፍተ ነገር ነበረው፤ አንዱን ብቻ ነው የሠራችው። ሌላው ባዶ ወረቀት ነው። ዲፕሎማው የለም፣ የሕጉም ቦታ የለም። ለዓለማየሁ ደውዬ ለፋሲካ የምትናገር ልጅ የለችም አልኩት። “ታመመች እንዴ የኔታ?” አለኝ። “የኔታ አትበለኝ፤ በስሜ ዘአማኑኤል በለኝ” አልኩት። አልገባውም።

ቴርፕስትራም ደወለች። ያቺ አንዷ ዓረፍተ ነገር ምንም ስሕተት የለባትም አለችኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሳስተምር እንዲህ አድርጎ የተረጎመ ተማሪ አላየሁም አለች። ድምፅዋ ደከመ። 

ከሰዓት በኋላ ሩሐማ ልብሷን ልትወስድ መጣች። ሐምራዊት ጋ ልትቆይ ነው፤ ሆቴሉ ቁርስ ማቅረቢያ ላይ ሥራ ይሰጧታል። ከዚያ በኋላ ምን እንደምታደርግ አታውቅም፤ እንዳልጠይቃትም ነገረችኝ። ከስታለች። ሕማማት ስለሆነ አልሳምኳትም። ሌላ ጊዜም የምስማት አባት አይደለሁም።

ሸሚዞቿን ስታጥፍ በሩ ላይ ቆምኩ። “ሦስት ሰዓት ሙሉ ምን ስትሠሪ ነበር?” አልኳት። ለቁጣ አልነበረም። ለቁጣ እንዳልሆነ ያወቀች መሰለኝ፣ መለሰችልኝ።

“አንተ ያስያዝከኝ አልወጣ ብሎኝ ነበር። ወረቀቱን ባየሁ ቁጥር እሱ ነው የሚመጣው። ጆሮዬን ይዤ ተቀመጥኩ። ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል። ከዚያ ዝም አለ። ዝም ሲል አንዷን ሠራኋት፤ ሰዓቱ አለቀ።” ሸሚዙን ሻንጣው ውስጥ አስገባች። “እሷ የኔ ናት” አለች።

በእኔ ቤት እንዲህ የሚል ሰው ከዚህ በፊት አልነበረም።

“ምን ትላለች?” አልኳት።

እጇን ሻንጣው ላይ አድርጋ ቀና ብላ አየችኝ። ጥላቻ አልነበረበትም።

“እሱን አልነግርህም፣ አባ።”

ደግሜ አልጠየቅኳትም።